የቮልስ የበር ደፍ ላሜራ ለምን ይነሣል? እንዴትስ ይገጠማል?

ጥያቄው፦ «ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። ከአባቴ የወረስኩት፣ በፈረንጆቹ 1971 የተሠራ ቮልስ አለኝ። በሁለቱም በሮች ደፍ ላይ የነበረው የአሉሚኒየም ላሜራ ስለተጣመመ ጥንድ ስቴንለስ ገዝቼ ለሠራተኛ ሰጠሁት። በሲሊኮን ለጥፎ በየጎኑ አራት አራት ብሎን መታበት። ሁለት ወር ሳይሞላው ጫፉ ተነሣ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከሥሩ ቡናማ ውሃ ይወርዳል፤ የሾፌሩ በርም ካልወረወሩት አይዘጋም። ማግኔት ሳስጠጋለት ስለያዘው ስቴንለስ የተባለው የውሸት ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ። አንዱ ሪቬት አስመታው ይለኛል፣ ሌላው ጠንካራ ማስቲሽ ይሻላል ይለኛል። ሌላ ላሜራ ልግዛ ወይስ ይኸው ይስተካከላል?»

ላሜራውን አይጣሉት፣ ሌላም አይግዙ። ማግኔት የያዘው ሁሉ ስቴንለስ አይደለም የሚለው በየጋራዡ የሚነገር አባባል ስህተት ነው። ክሮምና ኒኬል ያለበትን 304 የሚባለውን ዓይነት ማግኔት አይስበውም፣ ቢስበውም ለጥቂት ነው። 430 የሚባለው ግን ኒኬል ስለሌለበት ማግኔት ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ ለመኪና ጌጥም ይሠራበታል። መለየት ከፈለጉ ቡናማውን ነጥብ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ለቆ ከሥሩ የሚያበራ ብረት ከታየ ዝገቱ ከሌላ ቦታ ፈስሶ የመጣ ነው። ነጥቡ ጉድጓድ ሠርቶ ከቀረ ብረቱ ራሱ ዝጓል ማለት ነው። እርስዎ የገለጹት፣ ከሥር የሚወርደው ቡናማ ውሃ፣ የመጀመሪያውን ይመስላል። እየዛገ ያለው ጌጡ የተቀመጠበት የመኪናዋ አካል ነው፤ ይህ ደግሞ ከጫፍ መነሣት እጅግ የከፋ ጉዳይ ነው።

የቮልስ ደፍ ተራ መርገጫ አይደለም። ከፊተኛው የበር ምሰሶ ወደ ኋላ ወንበር የሚሄድ፣ ከላሜራ የተሠራ ባዶ ሳጥን ነው፤ እግርዎ የሚያርፈው በሳጥኑ ጣሪያ ላይ ነው። በውስጡ ከጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀ አየር አልፎ ወደ እግርና ወደ ፊት መስታወት ይደርሳል። ቦዲው ከወለሉ ጋር በብሎን የሚታሰረውም በዚሁ ሳጥን ሥር ስለሆነ ቮልሷ ወገቧ እንዳይጎብጥ የሚይዛት እሱ ነው። ሠራተኛው በየጎኑ 4 ቦታ የበሳው የዚህን ሳጥን ቀጭን ጣሪያ ነው። በቀዳዳው የገባ ውሃ በቀላሉ መውጫ ስለማያገኝ የታችኛውን ላሜራ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል፤ ላይኛው ቀለም አምሮ እያለ ታችኛው ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለ። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የማሞቂያ ሳጥን ዝጎ ከተቀደደ የተቃጠለ ጋዝ ከሞቀው አየር ጋር በደፉ ውስጥ ይጓዛል፣ በየቀዳዳውም ወደ ተሳፋሪው ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም፣ ሰው ግን ይገድላል። ማሞቂያውን ሲከፍቱ የጭስ ሽታ ከመጣ፣ ወይም በደብረ ማርቆስ ብርድ መስኮት ዘግተው ሲነዱ ራስ ምታት ከያዝዎ፣ ማሞቂያውን ይዝጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ የደፉን ሥራ ትተው መጀመሪያ ያንን ያሠሩ።

ሁለተኛው ጥፋት ሲሊኮኑ ነው። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው የመስታወትና የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን በሚደርቅበት ጊዜ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ ቀለም የሌለው ብረት ካገኘ ዝገት ያስጀምራል። በትራፓኖ የተበሳው ቀዳዳ ጠርዝ ደግሞ ራቁቱን ነው። በዚያ ላይ ሲሊኮን በነጥብ በነጥብ ስለሚደረግ በላሜራውና በደፉ መካከል ቀጭን ክፍተት ይቀራል፤ ውሃ እየተሳበ ይገባበታል፣ አየር ስለማያገኘውም አይደርቅም። ስቴንለስና ተራ ብረት እርጥበት ላይ ሲነካኩ የሚበላው ተራው ብረት ነው። በእኛ አገር መንገድ ላይ ጨው ስለማይበተን ይህ አዝጋሚ ነው። ነገር ግን በደጀንና በብቸና በኩል ያለው ዋልካ አንዴ ከተጣበቀ እርጥበቱን ይዞ ይሰነብታል፤ ክረምቱን ሙሉ ደፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ እንደተነጠፈ ይቁጠሩት።

በሩን በተመለከተ፣ ማንም በምሰሶው ላይ ያለውን፣ የበሩ ቁልፍ የሚይዝበትን ብረት እንዲያንቀሳቅስ አይፍቀዱ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ እሱ ከተነካ በሩ ዳግመኛ ቦታውን አያገኝም። የቮልስ በር መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ መክበዱ የታወቀ ጠባይዋ ነው፤ የታፈነው አየር በሩን መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው ይዝጉት። በቀላሉ ከገባ ላሜራው ጥፋት የለበትም። አሁንም እምቢ ካለ ከደብተር ላይ ቀጭን ወረቀት ቀደው በደፉና በበሩ ጎማ መካከል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት፤ የቮልስ ጎማ የሚለጠፈው በሩ ላይ ስለሆነ ደፉን በቀጥታ ይጫናል። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይሞክሩ። ጤናማ ቦታ ላይ ወረቀቱ ተይዞ፣ ግን ሳይቀደድ ይወጣል። የሚቀደድበት ቦታ ላሜራው ወይም ከሥሩ ያለው ሲሊኮን አሳብጦታል ማለት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲሊኮን ጋር 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ያ ጎማ ይህን ያህል ቦታ የለውም። ጠቅላላ ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ቀጥሎ በሩን ገርበብ አድርገው ከዳር ጫፉ ወደ ላይ ያንሱት። ከፍ ዝቅ ካለ የማጠፊያው ፒን አልቋል። ይህም ካልሆነ የግራና የቀኙን በር ዙሪያ ክፍተት ያስተያዩ፤ የአንዱ በር ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ሳጥኑ ደክሞ ቦዲው ጎብጦ ሊሆን ይችላል።

አሁን ላሜራውን ያንሱ። ብሎኖቹን በእጅ ካቻቢቴ ፈትተው በካቻቢቴው ጫፍ አይፈልቅቁት፤ ስቴንለስ አንዴ ከተቀረቀበ እጥፋቱ አይጠፋም። በባሕር ዳር ገበያ የሚሸጠውን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ሁለት እንጨት ላይ ጠምጥመው ከጫፉ ጀምሮ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ሲሊኮኑን ይቁረጡት። የቀረውን በፕላስቲክ ነገር ይፋቁ። ሲሊኮን ላይ ቀለምም ሆነ ማጣበቂያ አይይዝም፣ ስለዚህ አንድም ቅሪት ሊኖር አይገባም። የብርጭቆ ወረቀት ከመጠቀምዎ በፊት ይፋቁት፤ አስቀድመው ቢያሹት በየቦታው ይቀባል እንጂ አይጠፋም።

ራቁቱን የቀረውን ደፍ በካቻቢቴ እጀታ ከዳር እስከ ዳር ያንኳኩት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ወይም በስቱኮ የተሞላው ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። ማግኔቱ እዚህ ነው የሚጠቅምዎት፦ በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው ደፉ ላይ ይጎትቱት፣ ከለቀቀ ከሥሩ ስቱኮ አለ። የውስጡን ምንጣፍ አንሥተው ወለሉና ሳጥኑ የሚገናኙበትን መስመር በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከዚያ ከመኪናዋ ሥር ገብተው የሳጥኑን ታች በካቻቢቴ ጫፍ ይውጉት። ለዚህ ሥራ መኪናዋን በዚያው በደፉ በኩል ባለው የክሪክ ቦታ አያንሷት። የዛገ ከሆነ ይናድና ከሥር ያለ ሰው ላይ ይወድቃል። በጠንካራው የወለል ክፍል አንሥተው ሁለት ወፍራም ግንድ ሳያደርጉ አይግቡ።

ካቻቢቴው ከበሳ ይህ ምላሽ እዚያ ላይ ያበቃል። ሥራው የባትላሜራ ይሆናል፣ ላሜራውም ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ለባትላሜራው ግን ጥቂት ነገር አጥብቀው ይንገሩት። ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ አይቁረጥ፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሂድ። ከመቁረጡ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ በብረት ቱቦ ይወጥር፣ በየደረጃውም በሩን እየዘጋ ክፍተቱን ይመልከት። የሚጨምረው ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሁን። የጣሪያ ቆርቆሮ አይሆንም፤ ቀጭን ነው፣ ሲበየድም ከዚንኩ የሚወጣው ጭስ ለበያጁ ሳንባ ጎጂ ነው። የሞቀው አየር የሚያልፍበትን ውስጠኛ ቱቦ አይድፈነው። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ይውጣ፣ ምንጣፍና ሬንጅ የተቀባ ካርቶን ሁሉ ይነሣ። የቤንዚን ታንኩ ከፊት ኮፈን ሥር መሆኑን አይርሱ፤ ወደ ፊተኛው ምሰሶ የሚጠጋ ብየዳ ካለ ታንኩ መውረድ አለበት።

ደፉ ጤነኛ ከሆነና ያሉት 8ቱ ቀዳዳዎች ብቻ ከሆኑ ብየዳ አያስፈልግም። ለ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ምንጣፍ ነቅሎ እሳት ማስገባት ከጥቅሙ አደጋው ይበልጣል። የቀዳዳውን ጠርዝ በፑንታ ጫፍ በእጅ እያዞሩ ያጽዱ፣ አንቲረስት በክብሪት እንጨት ጫፍ ነክረው ጠርዙንና ወደ ውስጥ ያለውን ዙሪያ ይቀቡ። ሲደርቅ የመኪና መስታወት በሚለጠፍበት ጥቁር ፖሊዩሬቴን ሞልተው ከደፉ ጋር እኩል ያድርጉት። የዛገውን ቦታ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጩ ብረት፣ ዳርዳሩን በ180 ቁጥር ያሹ። አንቲረስት ሁለት ጊዜ በስሱ፣ ከዚያ ቀለም። ትዕግሥት የሚጠይቀው ከዚህ በኋላ ነው። ቀለሙ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም በውስጡ ያለው ማቅጠኛ (ቲነር) እየወጣ ነው፤ ላሜራውን የሚይዘውን ቴፕ ወዲያው ቢለጥፉበት ቴፑ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። በበጋ ቢያንስ 1 ሳምንት፣ ዝናብ ባለበት ጊዜ 2 ሳምንት ይጠብቁ። የሚቻልዎ ከሆነ ሥራውን ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ጊዜ ያድርጉት።

የምመክረው ማያያዣ አንድ ነው፦ ባለ ሁለት ገጽ አክሪሊክ ፎም ቴፕ፣ ለመኪና ጌጥ የሚሠራው፣ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር። በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገኘው ነጭ ስፖንጅ ቴፕ በመልክ ይመሳሰለዋል፣ ውሃ ግን ይጠጣል፤ አይሆንም። 90 ሳንቲ ሜትር ለሚጠጋ ላሜራ በየአንዳንዱ ሁለት መስመር ስለሚሄድ ለሁለቱ በር ከጫፍ ጫፉ ጋር 4 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ 5 ሜትር ይግዙ።

ከመለጠፍዎ በፊት ላሜራውን በደረቁ ደፉ ላይ ያስቀምጡትና እጅዎን ያንሱ። ሳይጫኑት የትም ቦታ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ መነሣት የለበትም። የእርስዎ ጫፍ የተነሣበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የደፉ ጫፍ ወደ ምሰሶው ሲጠጋ ሲታጠፍ ላሜራው ቀጥ ብሎ ቀርቷል፤ ብሎን በግድ ሲያስጎነብሰው እንደ ምንጭ ወጥሮ ይቆያል፣ ቀን ጠብቆም ብሎኑን ነቅሎ ይነሣል። ማጣበቂያ የተወጠረ ብረት አይይዝም። ስለዚህ ቅርጹን አስቀድመው ያስይዙት፦ ክብ እንጨት ላይ፣ የዘነዘና ያህል ውፍረት ባለው፣ ጨርቅ አድርገው በመዳፍዎ ቀስ እያሉ ያጉብጡት። ስቴንለስ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፈው ማጠፍ ይኖርብዎታል። አሮጌው አሉሚኒየም ካልተጣለ እሱን መለኪያ ያድርጉት፣ ለማቅናት ግን አይድከሙ፤ ደጋግሞ የታጠፈ አሉሚኒየም ይሰነጠቃል። ርዝመቱ ከተረፈ በሴጌቶ ከአንድ ጫፍ ብቻ ቆርጠው ጠርዙን በሞረድ ያለዝቡ። ስል ጠርዝ ጎማውንም የሰው እግርንም ይቆርጣል። በደረቁ ላይ ሳለ የወረቀት ሙከራውን ይድገሙ፣ ለቴፑ የሚሆን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ እንዳለው ያረጋግጡ፣ ከዚያ ቦታውን በማስኪንግ ቴፕ ያመልክቱ።

ሁለቱንም ገጽ በውሃና ሳሙና ያጥቡ፣ ሲደርቅ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ። ቤንዚን አይጠቀሙ፤ ሲተን የማይታይ ቅባት ይተዋል፣ ናፍጣማ ጭራሽ አይታሰብም። ካጠቡ በኋላ በጣትዎ አይንኩት። አየሩም ወሳኝ ነው፦ ይህ ቴፕ ከ10 ዲግሪ በታች ቀዝቃዛ ብረት ላይ አይጣበቅም፣ የሚወደው ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። በደብረ ማርቆስ ጠዋት ማለዳ አይሆንም። መኪናዋንም ላሜራውንም ፀሐይ ላይ አቆይተው ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሥሩ። ብረቱ ለእጅ ሞቅ ያለ ይሁን፣ የሚያቃጥል ግን አይሁን።

ቴፑን በላሜራው ጀርባ፣ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ አድርገው በርዝመቱ ይለጥፉ። ወደ መኪናዋ ውስጥ ያለው መስመር ሳይቋረጥ ይሂድ፤ ወደ ውጭ ያለው መስመር ግን በየ25 ሳንቲ ሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት። ውሃ ከገባ መውጫው ይኸው ነው። ዙሪያውን አትሞ የዘጋ ሰው ውሃውን ያስራል እንጂ አይከለክለውም። ከዚያ የመሸፈኛ ወረቀቱን ሁሉንም በአንዴ አይላጡ። ከእያንዳንዱ የቴፕ ቁራጭ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ልጠው ወደ ውጭ እንደ ጆሮ ያጥፉት፣ ላሜራውን በምልክቱ ልክ ያስቀምጡ፣ ልክ መሆኑን ሲያረጋግጡ ጆሮውን እየሳቡ ቀሪውን ያውጡ። አንዴ የነካ አይነቀልም፤ ለማስተካከል የተነቀለ ቴፕ ይጣላል። ጨርቅ በጠቀለሉት እንጨት ክብደትዎን አሳርፈው ከመሃል ወደ ዳር ይጫኑ፣ በካሬ ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ያህል። ጥንካሬውን ግማሽ የሚያገኘው በ20 ደቂቃ ነው፣ 90 በመቶ በ24 ሰዓት፣ ሙሉውን በ72 ሰዓት። እስከዚያ ድረስ አይርገጡት፣ አያጥቡት፣ ኮብልስቶን ላይም አይንዷት።

ላሜራው ላይ የቀሩት ቀዳዳዎች እንዳያስጠሉ የስቴንለስ ብሎኖችን ጭንቅላት ከሥራቸው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀርተው ቆርጠው በኢፖክሲ ያጣብቋቸው፤ ከላይ ሲታዩ የታሰሩ ይመስላሉ፣ ደፉን ግን አይነኩም። አንድ ጫፍ በእርግጥ ብሎን ካላገኘ አይቀመጥም ከተባለ፣ አዲስ ሳይበሱ ከአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች የመጨረሻውን ብቻ ይጠቀሙ፦ 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከ10 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ርዝመት፣ ስቴንለስ፣ ከጭንቅላቱ ሥር የፕላስቲክ ሮንዴላ፣ በእጅ ካቻቢቴ። ለዚህ ብሎን ልኩ 2.7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። የእርስዎ ከዚያ ከሰፋ ብሎኑ ሥራ የለውም፣ ይድፈኑት።

ሪቬት አያስመቱ። እንዲያውም ከብሎኑ የባሰ ነው፦ ቀዳዳው 3.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ለማውጣት ሁልጊዜ በትራፓኖ መፍጨት ያስፈልጋል፣ ተቆርጦ ሳጥኑ ውስጥ የሚወድቀው ጭራ ደግሞ በየጉድጓዱ ሲንኳኳ ይኖራል፣ እርጥበት ሲያገኝም ይዝጋል። ማስቲሽ ለጫማና ለምንጣፍ ጥሩ ነው፤ በፀሐይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ላሜራው በእግር በተገፋ ቁጥር እየተንሸራተተ ይለቃል። ሱፐር ግሉ ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ በር በተዘጋ ቁጥር የሚመጣውን ንዝረት አይችልም።

72 ሰዓቱ ካለፈ በኋላ፣ ቀድሞ ሳይሆን፣ የሳጥኑን ውስጥ በፀረ ዝገት ሰም ያስረጩ፤ ቀድሞ ከተረጨ ቅባቱ በቀዳዳ ሥር እየወጣ ቴፑን ያስለቅቃል። መርጫው ወደ ሞቃት አየሩ ቱቦ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፣ ማሞቂያ በተከፈተ ቁጥር ይሸታል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይጠቀሙ፤ አሲድና ጥላሸት አለበት፣ የበሩንም ጎማ ያሳብጠዋል። የበሩ ታች ያሉትን ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ይክፈቱ፤ በመስታወቱ ጠርዝ የገባው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው፣ ከተደፈኑ በሩ ራሱ ከሥር ይበሰብሳል።

በላሜራው ላይ ያለውን መከላከያ ፕላስቲክ ሥራው እንዳለቀ ይላጡት፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይጋገርና አይለቅም። ሲያጸዱ የድስት ሽቦ አያስነኩት። ከሽቦው የሚቀረው የብረት ብናኝ ስቴንለሱ ላይ ዝጎ ያንኑ ቡናማ ነጥብ ያመጣል፣ እርስዎም እንደገና ላሜራውን ይጠረጥራሉ። ጨርቅ፣ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። ሰኔ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ የሾፌሩን ምንጣፍ አንሥተው ወለሉን በእጅዎ ይዳስሱ፤ እርጥበት ካገኙ ውሃው በደፉ በኩል ነው የገባው ብለው ከመደምደምዎ በፊት የፊት መስታወቱን ጎማ ይፈትሹ።